እንቁላሏ «የማን ዘር ነህ?» ስትል

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። አንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንዱ ከብት ሲያረቡ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አንዷ ደግሞ ልጅ ፈልጋ ዓመታት የጠበቀች እህታችን ናት። ሁሉም የሚጠይቁት ዞሮ ዞሮ ያው ነው፤ የወንድ ዘርና የሴት እንቁላል ሲገናኙ በምን ይተዋወቃሉ? ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጠሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «መምህራችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስፐርሞች ይሽቀዳደማሉ፣ ፈጣኑ ቀድሞ ገብቶ ያሸንፋል ብለው አስተማሩን። እኔ ያልገባኝ ግን፣ ቀድሞ የደረሰው የሌላ እንስሳ ስፐርም ቢሆንስ? እንቁላሏ በምን ታውቀዋለች? ዓይን የላት፣ ጆሮ የላት።» ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ስንት አዋቂ ዕድሜውን የጨረሰበትን ጥያቄ ነው ያነሳኸው። ደስ ብሎኝ ነው የምመልስልህ።

በመጀመሪያ ሩጫውን እንተወው። የሩጫው ነገር ሲነገር ስለኖረ ለመድነው እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ቀድሞ የደረሰ ስፐርም እንቁላሏን ምንም ሊያደርጋት አይችልም። ይህን በ1951 ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ደረሱበት፤ አንዱ አሜሪካ ይሠራ የነበረው የቻይና ተወላጅ ሚን ቹኤ ቻንግ ነው፣ ሌላው አውስትራሊያዊው ኮሊን ኦስቲን። ትኩስ ስፐርም እንቁላል ያለችበት የማህፀን ቱቦ ውስጥ በቀጥታ ሲጨመር እንቁላሏ አትዳብርም። ስፐርሙ መጀመሪያ በሴቷ አካል ውስጥ ጥቂት ሰዓታት መቆየት አለበት። ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማይወጣው ማለት ነው። በቆይታው የስፐርሙ የላይኛው ሽፋን ኮሌስትሮል እየለቀቀ ይሳሳል፣ ጭራው የሚመታበት ሁኔታም ይለወጣል። ሳይዘጋጅ ቀድሞ የደረሰ ምስኪን ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ደግሞ በራሱ ዋና ብቻ አይደለም የሚደርሰው። ማህፀንና ቱቦው በመኮማተር ይገፉታል፣ ያሳልፉታል፣ ብዙውንም ያስቀራሉ። በአንድ ጊዜ ከሚፈሱት በአስርና በመቶ ሚሊዮን ከሚቆጠሩት ውስጥ እንቁላሏ አካባቢ የሚደርሱት በመቶ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሴቷ አካል ዝም ብሎ የሚጠብቅ የሩጫ ሜዳ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመረጠ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። እንቁላሏ ከሰውነት ሴሎች ሁሉ ትልቋ ናት፣ ቢሆንም ስፋቷ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብንል፣ እንቁላሏ የጤፍ አንድ አስረኛ ናት። ዙሪያዋን እንደ ደመና የከበቧት ትንንሽ ሴሎች አሉ። ከነሱ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይወጣል። ስፐርሙ ሲነካው ጭራው ላይ ያለች ካትስፐር የምትባል መግቢያ ትከፈታለች፣ ካልሲየም ይገባል፣ ጭራውም እንደ ጅራፍ መምታት ይጀምራል። በሰው ስፐርም ላይ ይህ የታወቀው በ2011 ነው፤ ሁለት ቡድኖች በአንድ ሰሞን ይፋ አደረጉት።

ከደመናው ቀጥሎ ወፍራም ግልጽ ልባስ አለ። ዞና ፔሉሲዳ ይባላል፣ ከዚህ በኋላ ዞና እንበለው። «የማን ዘር ነህ?» የሚባለው እዚህ ነው። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው አይደል?

ከዓመታት በፊት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የአይጥ እንቁላሎች በማይክሮስኮፕ የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። መሃል ላይ ክብ እንቁላል፣ በዙሪያዋ እንደ ጨረቃ ቀለበት የሚያበራ ዞና። በዞናው ላይ ስፐርሞች በጭንቅላታቸው ተጣብቀው ጭራቸው ይርገበገባል። ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል እንቁላሏ ራሷ ቀስ እያለች ትሽከረከራለች፤ ለካ ያ ሁሉ ጭራ በአንድ ላይ ሲመታ እያዞራት ነው። ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። የሌላ እንስሳ ስፐርም ቢሆን ግን ባብዛኛው ገጨት አድርጎ ተንሸራቶ ያልፋል። አይጣበቅም።

ለምን? ዞናው ከስኳር ጋር ከተሳሰሩ ፕሮቲኖች የተሸመነ ነው። በአይጥ ሦስት ናቸው፣ በሰው አራት። ዜድፒ ዋን፣ ዜድፒ ቱ እየተባሉ ይቀጥላሉ። በ1980 ጄፍሪ ብሌይልና ፖል ዋሰርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ስፐርሙን የሚይዘው ዜድፒ ስሪ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ የመጻሕፍቱ ታሪክ ይህ ሆነ፤ ስፐርሙ ዜድፒ ስሪን ይነካል፣ በዚያው ቅጽበት ጭንቅላቱ ላይ ያለው አክሮሶም የሚባል ከረጢት ይፈነዳል፣ የወጣው ኢንዛይም መንገድ ይከፍትለታል። የአንተም መጽሐፍ ይህንኑ ሳይል አይቀርም።

ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልቀጠለም። በ2011 በጃፓን ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን አክሮሶማቸው አረንጓዴ የሚያበራ የአይጥ ስፐርሞችን ይዞ ቪዲዮ ቀረጸ። አክሮሶሙ ሲፈነዳ አረንጓዴው ይጠፋል። እንቁላሏን ያዳበሩት ስፐርሞች አብዛኞቹ ዞናውን ሳይነኩ በፊት አረንጓዴያቸው ጠፍቶ ነበር! እንዲህ ያለ ነገር ነው ሳይንስን የሚያስወድደኝ። 30 ዓመት የተነበበ ነገር፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በትዕግስት ስላየ ብቻ ይታረማል።

ስለ መጣበቁም ነገሩ ተለውጧል። አሜሪካ ቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋም የጁሪየን ዲን ቡድን ጣቱን ወደ ዜድፒ ቱ ቀሰረ። የሰው ስፐርም የአይጥ ዞና ላይ አይጣበቅም። ቡድኑ ግን የሰውን ዜድፒ ቱ እንዲሠሩ የተደረጉ አይጦችን ፈጠረ። የነዚያን አይጦች እንቁላል ሲያቀርቡለት የሰው ስፐርም ሄዶ ተጣበቀ፣ በ2012 ነው ይህ የታተመው። ይባስ ብሎ ዞናውን ሰንጥቆ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመኝ፤ በዞናውና በእንቁላሏ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ቆመው ቀሩ። ወደ ውስጥ የገባ የለም። ግቢውን አለፉ፣ የቤቱ በር ግን አልተከፈተላቸውም።

ያ የውስጥ በር ሌላ ምዕራፍ ነው። በ2005 ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ የማሳሩ ኦካቤ ቡድን በስፐርም ራስ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን አገኘ። ኢዙሞ አሉት፤ በጃፓን ሰዎች ስለ ትዳር የሚማጸኑበት የታወቀ ቤተ መቅደስ ስም ነው። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው ወንድ አይጦች ስፐርማቸው ጤነኛ ይመስላል። ይዋኛል፣ ዞናውን ያልፋል፣ እንቁላሏ ደጅ ይደርሳል። እዚያ ያበቃል።

ታዲያ ከእንቁላሏ በኩል ኢዙሞን የሚቀበለው ማነው? ይህን ለማግኘት 9 ዓመት ፈጀ። ምክንያቱ ደግሞ አለው። ሁለቱ ፕሮቲኖች የሚያያዙት በጣም ላላ ብለው ነው፣ ነካ ነካ ይደራረጉና ይላቀቃሉ፣ በተለመደው መንገድ ሊያጠምዷቸው ሲሞክሩ ያመልጣሉ። በ2014 እንግሊዝ ካምብሪጅ አጠገብ ባለው ሳንገር ኢንስቲትዩት ኤንሪካ ቢያንኪና ጋቪን ራይት ከባልደረቦቻቸው ጋር መላ መቱ። ብዙ ኢዙሞዎችን አንድ ላይ አሰሩ፤ አንዱ ቢላቀቅ ሌላው ይይዛል። በዚህ መንገድ የእንቁላሏ ወገን ተያዘ። በፊትም ይታወቅ ነበር፣ ግን ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ከሚይዙ ተቀባዮች ጋር ተመድቦ፣ ፎሌት የማይዝ ፎሌት ተቀባይ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አሁን ጁኖ የሚል ስም አወጡለት፣ በጥንት ሮማውያን ዘንድ የትዳር አምላክ የነበረችው ናት። ጁኖ የሌላት ሴት አይጥ አትወልድም። ጁኖ የሌለው ወንድ አይጥ ግን ያለ ችግር ያስወልዳል።

እንግዲህ አለቀ እንዳትል። ኢዙሞና ጁኖ መያያዝ ብቻ ነው የሚችሉት። ሁለቱን ሴሎች አንድ የሚያደርጋቸው ሌላም ብዙ ሠራተኛ አለ። ከእንቁላሏ በኩል ሲዲ ናይን የሚባል ፕሮቲን ከ2000 ጀምሮ ይታወቃል። በስፐርሙ በኩል ደግሞ በ2024 ቪየና ያለው የአንድሪያ ፓውሊ ቡድን አልፋፎልድ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እየታገዘ ኢዙሞ ብቻውን እንደማይቆም አሳየ። ስፓካ ሲክስ እና ትሜም ኤይቲዋን ከሚባሉ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው የሚቀርበው። ሽምግልና ብቻውን የሚሄድ ማን አለ? እነዚህ ሦስቱ በዓሣም በሰውም ዘንድ አሉ። የእንቁላሏ ወገን ግን ይለያያል፤ ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ላይ ባውንሰር የሚባል ፕሮቲን ነው የሚቀበላቸው፣ በእኛ ጁኖ ነው።

ስለዚህ እንቁላሏ ዓይን ባይኖራትም፣ ቅርፅን በመዳሰስ ታውቃለች። አንዴ ሳይሆን ደጋግማ፣ በተለያየ ደጅ ላይ።

አጭር ጥያቄ ከጎንደር፦ «መንታ የሚፈጠረው ሁለት ስፐርም አንድ እንቁላል ውስጥ ሲገቡ ነው?»

መልስ፦ አይደለም። የማይመሳሰሉ መንታዎች ከሁለት እንቁላልና ከሁለት ስፐርም ናቸው። የሚመሳሰሉት ደግሞ ከአንድ እንቁላልና ከአንድ ስፐርም ይጀምሩና በኋላ ለሁለት ይከፈላሉ። ሁለት ስፐርም አንድ እንቁላል ውስጥ ከገቡ ፅንሱ በ46 ክሮሞዞም (የዘር መመሪያ የተሸከሙ ክሮች) ፈንታ 69 ይዞ ይነሳል፣ ይህም ባብዛኛው እርግዝናው በጊዜ ይቋረጣል ማለት ነው።

እንቁላሏ ታዲያ እንዴት ትከላከላለች? አንዱ ስፐርም እንደገባ ጁኖን ከላይዋ ላይ አራግፋ ትጥላለች። በአይጥ ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆን የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ሰዓት ከውስጥ ኦቫስታሲን የሚባል ኢንዛይም ትለቅቃለች፣ እሱም ዞናው ላይ ያለውን ዜድፒ ቱን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ የስፐርሙ መያዣ የነበረው ነገር ተቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስፐርም የሚይዘው አያገኝም።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከብት ሳረባ የኖርኩ ነኝ። ፍየሉና በጉ አብሮ ይውላል፣ አንድ በረት ያድራል። ወጠጤው በጓን ሲያጠቃት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንድም ቀን የፍየልና የበግ ዲቃላ ተወልዶልኝ አያውቅም። አህያና ፈረስ ግን ይኸው በቅሎ ይሰጡናል። ልዩነቱ ምንድነው?» ከደብረ ብርሃን አካባቢ

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ በበረትዎ ያዩት ነገር ሳይንቲስቶች በላብራቶሪ የሚያዩት ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባል የለ? ይህ ተረት ከነቀልዱ ትክክለኛ ባዮሎጂ ነው። በቅሎ የምትወለደው ከባዝራና ከወንድ አህያ ነው። ፈረስና አህያ ከአንድ ግንድ የተለያዩት ከ4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ረጅም ይመስላል እንጂ በዘር ሐረግ የቅርብ ዘመድ ናቸው። የባዝራዋ እንቁላል ያንን «የማን ዘር ነህ?» ስትል የአህያው ስፐርም የሚሰጠው መልስ ከፈረስ መልስ ብዙ አይርቅም። ታስገባዋለች።

ፍየልና በግ ግን በመልክ ቢቀራረቡም በዘር ራቅ ይላሉ። ፍየል 60 ክሮሞዞም አላት፣ በግ 54። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ እንቁላሏ ሁልጊዜ እምቢ አትልም። የፍየልና የበግ ፅንስ አልፎ አልፎ ይጀመራል፣ ባብዛኛው ግን ሳይወለድ ይጠፋል። ስለዚህ የሚከለክለው ደጁ ብቻ አይደለም። ደጁን ያለፈም ቢሆን ውስጥ ሲገባ ሁለቱ የዘር መመሪያዎች አብረው መሥራት ያቅታቸዋል። በቅሎም ብትሆን ይኸው ዕዳ አለባት። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ እሷ 63 ክሮሞዞም ይዛ ትወለዳለች። ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ዘር ስታዘጋጅ ክሮሞዞሞቹ አቻ አቻቸውን ማግኘት ይቸግራቸዋል፣ ለዚህ ነው በቅሎ የማትወልደው።

ሌላም የሚገርምዎ ነገር ልንገርዎ። በ1976 ሪዩዞ ያናጊማቺ የተባለው ጃፓናዊ ሳይንቲስት የሃምስተርን (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ናት) እንቁላል ወስዶ ዞናዋን ገፈፈ። ከዚያ የሰው ስፐርም ጨመረባት። ገባ! ፅንስ አይሆንም፣ አያድግም፣ ግን መግባቱን ገባ። ዞናው እያለ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው። ሐኪሞችም ለዓመታት የወንድ ስፐርም ብርታት የሚፈተሽበት ምርመራ አድርገውት ነበር። በኔ ዕይታ ይህ የሚያሳየን ውጭ ያለው አጥር ከውስጡ በር ይልቅ ጥብቅ መሆኑን ነው፣ ቢያንስ በሃምስተር ዘንድ።

ጥያቄ፦ «ይህ መተዋወቅ የሚባለው ነገር ከተዘጋ እርግዝና አይኖርም ማለት ነው። ታዲያ ለምን የወሊድ መቆጣጠሪያ አይሠሩበትም?» ከዋሽንግተን

መልስ፦ ተሠርቶበታል፣ በእንስሳት ላይ። ከአሳማ እንቁላል የተወሰደ ዞና እንደ ክትባት ይሰጣል። የእንስሳዋ አካል ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል፣ እነሱም የራሷን ዞና ይሸፍኑታል፣ ስፐርሙ ደርሶ የሚይዘው ያጣል። አሜሪካ ውስጥ አሳቲግ ደሴት ያሉ የዱር ፈረሶችን ቁጥር ለዓመታት ሲቆጣጠሩ የኖሩት በዚህ ነው። ደቡብ አፍሪካም በዝሆኖች ላይ ሠርተውበታል፤ ጥይት ከመተኮስ ይህ ምን ያህል እንደሚሻል መናገር አያስፈልገኝም። በሰው ላይ ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ እንስሳት ላይ የእንቁላል ማምረቻውን ራሱን ሲጎዳ ታይቷል። አንዲት ሴት ደግሞ ሲያሰኛት ወደ መውለድ መመለስ መቻል አለባት። በወንዱም በኩል ኢዙሞን የሚያግድ መድኃኒት ገበያ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ «ካገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ዱባይ ነው። የኔም የባለቤቴም ምርመራ ሁሉ ደህና ነው ተባለ። ገንዘባችንን አጠራቅመን አይ ቪ ኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከአካል ውጭ የሚገናኙበትን ሕክምና) ሞከርን። 9 እንቁላል ወጣልኝ። በማግስቱ ደውለው አንዱም አልዳበረም አሉን። ሐኪሙ ‹ዕድል ነው› ብሎ ዘጋው። የባለቤቴ ስፐርም ቁጥሩ ጥሩ ስለሆነ ቤተሰቦቹ መካኗ አንቺ ነሽ ይሉኛል። እውነት የኔ ጥፋት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። ጥፋት የሚለውን ቃል ከዚህ ጉዳይ ላይ አንሺልኝ። የባለቤትሽም ጥፋት አይደለም፣ ያንቺም።

የስፐርም ምርመራ የሚባለው የሚያየው ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርፅ ነው። ከላይ ለሐዋሳው ተማሪ የጻፍኩትን አንብበሽው ከሆነ ኢዙሞ የሌላቸው የአይጥ ስፐርሞች በብዛትም በዋናም በመልክም ምንም አልጎደላቸውም ነበር። በከብትም ታይቷል። በ2014 ጀርመን ውስጥ ፍሌክፊ የሚባል ዝርያ ኮርማዎች ላይ ተጠና። ዘራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንከን የለውም፣ ላሞች ግን አይረግዙላቸውም። ትሜም ናይንቲፋይቭ የሚባለው አንድ ፕሮቲናቸው በዘር ተበላሽቶ ነው የተገኘው። እሱም ከዚሁ ከእንቁላሏ ጋር መገናኛ ወገን ነው። ስለዚህ «ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ከሷ ነው» የሚለው ነገር ምንም መሠረት የለውም። ይህንን ለባለቤትሽ ቤተሰቦች አንብቢላቸው፣ እኔ ነኝ ያልኩት በያቸው።

በሴትም በኩል ይኖራል። በዚያው በ2014 ዜድፒ ዋን በሚባለው ላይ ለውጥ ያለባቸው የአንድ ቤተሰብ ሴቶች ተጠንተው ነበር፤ እንቁላላቸው ዞና አልነበረውም። ሌላ ደግሞ አለ። ስፐርሙ ገብቶ እንቁላሏ የማትነቃበት ጊዜ። ስፐርሙ ሲገባ ፒኤልሲ ዜታ የሚባል ፕሮቲን ይዞ ይገባል፣ እሱ ነው በእንቁላሏ ውስጥ ካልሲየምን እንደ ማዕበል የሚያስነሳውና «ተነሺ» የሚላት። እሱ የጎደላቸው ወንዶች አሉ።

እንግዲህ ኢክሲ የሚባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። በ1992 ብራስልስ ውስጥ ነው የመጀመሪያዎቹ እርግዝናዎች ይፋ የተደረጉት። ባለሙያዋ በጣም ቀጭን መርፌ ይዛ አንድ ስፐርም ትመርጣለች፣ ጭራውን ጫን ብላ እንዳይንቀሳቀስ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ዞናውንም የእንቁላሏንም ሽፋን አልፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። «የማን ዘር ነህ?» የሚል የለም፣ ኢዙሞም ጁኖም አያስፈልጉም። መተዋወቁ ላይ ችግር ካለ ኢክሲ ያልፈዋል። ችግሩ መንቃቱ ላይ ከሆነ ግን ኢክሲ ብቻውን አይበቃም፣ ካልሲየሙን ከውጭ የሚያስነሳ ተጨማሪ ሕክምና አለ።

የናንተ የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ልነግርሽ የምችለው ምን እንደምትጠይቂ ነው። «ዕድል ነው» መልስ አይደለም። ላብራቶሪው የጻፈው ወረቀት አለ፣ ያንቺ ነው፣ ጠይቂ። ከ9ኙ እንቁላሎች ስንቶቹ የበሰሉ ነበሩ? ያልበሰለ እንቁላል ስፐርሙ የፈለገውን ቢሆን አይዳብርም፣ እና ብዙዎቹ ጥሬ ከነበሩ ነገሩ ሁሉ የመድኃኒት መጠንና የሰዓት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ፣ ስፐርሙና እንቁላሉ ከተገናኙ ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ ሲያዩ፣ እንቁላሉ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ክቦች ይፈልጋሉ፣ አንዱ የእናት አንዱ የአባት። ምንም አልነበረም? ወይስ አንድ ብቻ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ ዞናው ላይ ስፐርም ተጣብቆ ታይቷል ወይስ ባዶ ነበር? ባዶ ከነበረ ችግሩ ውጭኛው ደጅ ላይ ነው። ተጣብቆ ከነበረ ወደ ውስጥ እንሂድ። ዞናውን አልፈው ክፍተቱ ውስጥ የቆሙ ከነበሩ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል።

ለእረፍት አዲስ አበባ ከመጣሽም ይህ ሕክምና አለ። በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከል አለው፣ የግልም አሉ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ስታገኚው ለኔም ጻፊልኝ፣ ያልገባሽ ቃል ካለ አብረን እናየዋለን።